ሰጥተን የረሳነው ፈቃድ

እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ሲያትል የምትኖር አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ ከአሜሪካ ታላላቅ ባንኮች አንዱ ወደሆነው ካፒታል ዋን ኮምፒውተሮች አንድ ጥያቄ ላከች። ጥያቄው የደረሰው ፋየርዎል ለሚባለው ሶፍትዌር ነው። የፋየርዎል ሥራ ከኢንተርኔት የሚመጣውን ሁሉ እየፈተሸ አደገኛውን መመለስ፣ ጤነኛውን ማሳለፍ ነው። ይኼኛው ግን አገጣጠሙ ላይ ጉድለት ነበረበትና የሴትዮዋን ጥያቄ የራሱ ጥያቄ አድርጎ ወደ ውስጥ አስተላለፈላት።

ጥያቄው የሄደው ወደ 169.254.169.254 ነው። ይህ ቁጥር በአማዞን ክላውድ ላይ የሚሠራ ሰርቨር ስለ ራሱ የሚጠይቅበት የውስጥ አድራሻ ነው። ሰርቨሩ «ምን እንድሠራ ተፈቅዶልኛል?» ሲል አድራሻው ለጥቂት ሰዓታት የሚያገለግል ጊዜያዊ ቁልፍ ይሰጠዋል። ከውጭ የሚመጣ ሰው በቀጥታ ሊደርስበት አይችልም። ፋየርዎሉ ግን ውስጥ ነው፤ ጠየቀ፣ ቁልፉን ተቀበለ፣ ለሴትዮዋ አቀበላት።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆማል። ለእኔ ግን ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሶፍትዌር ትናንትም ይሳሳት ነበር፣ ነገም ይሳሳታል። የሚያንገበግበው ያ ቁልፍ ስንት በር ይከፍት እንደነበር ሲታወቅ ነው። የግቢ ዘበኛ የውጭውን በር ቁልፍ ቢይዝ የሚገረም የለም፤ የመኝታ ቤቱን፣ የቁም ሣጥኑንና የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ አንድ ላይ አስሮ ቢገኝ ግን የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። የፋየርዎሉ ቁልፍ የባንኩን የዳታ ማከማቻዎች በስም መዘርዘርና ውስጣቸውን ማንበብ ይችል ነበር። ፍርድ ቤት የቀረበው ሰነድ ከ700 በላይ ማከማቻዎችን ይጠቅሳል። በር ላይ የቆመ ሶፍትዌር የደንበኛን የክሬዲት ካርድ ማመልከቻ ማንበብ ምን ያደርግለታል? ምንም። ግን ተፈቅዶለት ነበር።

ከ2005 ጀምሮ የተሞሉ ማመልከቻዎች ተገለበጡ። የ100 ሚሊዮን አሜሪካውያንና የ6 ሚሊዮን ካናዳውያን ያህል መረጃ፣ ከዚያም ውስጥ 140 ሺህ ገደማ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና 80 ሺህ ገደማ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወጣ። ባንኩ ነገሩን ያወቀው ጁላይ 17 ቀን፣ አንድ የውጭ ሰው ዳታውን ኢንተርኔት ላይ አይቶ በኢሜይል ሲጠቁመው ነው። ከማርች እስከ ጁላይ ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት የባንክ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት 80 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ከደንበኞቹ ጋር ደግሞ በ190 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የካፒታል ዋን ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ማክሊን ከእኔ ሩቅ አይደለችም። ወደ ደላስ አየር ማረፊያ አቅጣጫ ሲኬድ ደግሞ አሽበርንና አካባቢዋ መስኮት በሌላቸው ግዙፍ የዳታ ሴንተር ሕንፃዎች ተሞልተዋል። ክላውድ ሲባል ሰማይ ላይ ያለ ነገር የሚመስላቸው ዘመዶቼ ለጉብኝት ሲመጡ በዚያ በኩል እወስዳቸዋለሁ። ፎቷቸው፣ ኢሜይላቸው፣ የባንክ መተግበሪያቸው የሚሠራው እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ በተደረደረ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ መሆኑን በዓይናቸው ሲያዩ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ እሱ ይገባቸዋል።

የእኔ ሥራ በሙያው አጠራር አይኤኤም ይባላል። ማን ወደ የትኛው ሲስተም እንደሚገባ፣ ገብቶም ምን ማድረግ እንደሚችል መወሰንና መከታተል ነው። ሥራዬን ስናገር ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከሀከር ጋር የምታገል ይመስላቸዋል። ቀኔ የሚያልቀው የገዛ ባልደረቦቼን «ይህን ፈቃድ ማን ሰጠህ? አሁንስ ትፈልገዋለህ?» እያልኩ በመጠየቅ ነው። በዚህ ሥራ ያመንኩበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ፈቃድ መስጠት የደቂቃ ሥራ መሆኑንና ሙያው ያለው ፈቃዱን መልሶ በመሰብሰቡ ላይ መሆኑን ነው።

ሁለት ጥያቄዎች አሉ፣ ሰዎች ዘወትር ያምታቷቸዋል። አንደኛው «ማን ነህ?» ነው፤ ለዚህ መልሱ ፓስወርድ፣ ስልክ ላይ የሚመጣ ኮድ፣ የጣት አሻራ ነው። ሁለተኛው «እሺ፣ አንተ መሆንህን አውቄያለሁ፤ ይህን ልታደርግ ግን ይገባሃል ወይ?» የሚለው ነው። ኮምፒውተር ለብዙ ሰው በጋራ ማገልገል ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ሁለተኛው ጥያቄ እየተረሳ ኖሯል። በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በ1961 ሲቲኤስኤስ የተባለውን የጋራ ሲስተም ይፋ ሲያደርጉ የአንዱ ፋይል ከሌላው ተለይቶ እንዲቀመጥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፓስወርድ ተሰጠ። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የኮምፒውተር ሰዓት አልበቃ ቢለው፣ የሁሉም ሰው ፓስወርድ ያለበት ፋይል እንዲታተምለት በፐንች ካርድ አዘዘ። ማሽኑም አተመለት። ሼር ሼር መሆኑ ተረጋግጧል፤ ያንን ፋይል ማየት ይገባዋል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

በ1975 ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር፣ ሁለቱም የኤምአይቲ ሰዎች፣ ዛሬም የምንመራበትን ደንብ በጽሑፍ አኖሩ። ማንኛውም ሰውም ሆነ ፕሮግራም ሥራውን ለመጨረስ ከሚያስፈልገው ያላነሰ፣ ከዚያም ያልበለጠ ፈቃድ ብቻ ይኑረው የሚል ነው። ሃምሳ ዓመት ሞላው። ይህን ደንብ የማያውቅ የአይቲ ሠራተኛ አላጋጠመኝም፤ ሙሉ በሙሉ የሚፈጽም መሥሪያ ቤትም አላየሁም።

ለምን እንደማይፈጸም ለማየት አንድ ፖሊሲ ቀረብ ብሎ ማንበብ ይበቃል። በአማዞን ክላውድ ፈቃድ የሚጻፈው ፖሊሲ በሚባል አጭር ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ይመጣል፤ ከዚያ የትኛው ድርጊት፣ ቀጥሎ በየትኛው ንብረት ላይ፣ ሲያስፈልግም በምን ሁኔታ የሚለው ይሰፍራል። መነሻው ክልከላ ነው፤ ምንም ያልተጻፈለት ሰው ምንም አይችልም። አንዱ ፖሊሲ ፈቅዶ ሌላው ከከለከለ ደግሞ ክልከላው ይረታል። ደህና ሆኖ የተጻፈ ፖሊሲ በአማርኛ ቢነበብ እንዲህ ይላል፦ ይፈቀድ፤ ማንበብ ብቻ፤ የደመወዝ ሪፖርት ከተቀመጠበት ማከማቻ፤ ጥያቄው ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ሲመጣ። ልቤን የሚያስደነግጠው ሌላኛው ነው፤ እሱ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ይፈቀድ፤ *፤ *።

ኮከብ ምልክቷ «ሁሉም» ማለት ናት። የመጀመሪያዋ ኮከብ ማንኛውንም ድርጊት፣ ሁለተኛዋ በማንኛውም ንብረት ላይ ትፈቅዳለች፤ ማንበብም፣ መሰረዝም፣ አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርም፣ የመጠባበቂያ ቅጂን ማጥፋትም። ሁለት ኮከብ የሚጽፍ ሰው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዓርብ ማታ ነው፣ ሲስተሙ ሰኞ ጠዋት ለደንበኞች ሊከፈት ነው፣ ፕሮግራሙ ግን «ፈቃድ የለህም» እያለ በቀይ ይመልሰዋል። ክላውዱ ውስጥ ያሉት ድርጊቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የጎደለችው የትኛዋ እንደሆነች አንድ በአንድ መፈለግ ሰዓታት ይፈጃል፤ ኮከብ መጻፍ ሁለት ሰከንድ ነው። ኮከቧ ትጻፋለች፣ ሲስተሙ ይነሣል፣ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ይባላል። ሰኞ ሌላ ሥራ ይመጣል። ሰው ፈቃድ ሲጎድለው ወዲያው ይደውልልኛል። ፈቃድ ተርፎኛል ብሎ የደወለልኝ ግን የለም።

ሰው ሲሆን ደግሞ ፈቃዱ አብሮት ያድጋል። በ1992 ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን፣ የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ፈቃድ ለግለሰብ ሳይሆን ለሥራ ድርሻ ይሰጥ የሚል አሠራር አቀረቡ። ሮል እንለዋለን። ገንዘብ ያዥ የሆነ ሁሉ የገንዘብ ያዥን ሮል ያገኛል፤ ሥራውን ሲለቅ ሮሉ ይቀራል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ግን ከሒሳብ ክፍል ወደ ሽያጭ፣ ከሽያጭ ወደ ቁጥጥር የተዛወረች ሠራተኛ አዲሱ ሮል በቀጠሮ ቀን ይሰጣትና አሮጌውን የሚነሣት ይጠፋል። የቀድሞ አለቃዋ «አሁን የእኔ አይደለችም» ይላል፤ አዲሱ አለቃዋ ቀድሞ ምን እንደነበራት አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ረጅም ዓመት የቆየ፣ ሰው የሚወደውና ሥራ የማይመርጥ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከዋና ሥራ አስኪያጁ የበለጠ ፈቃድ ተሸክሞ ይገኛል። የእሱ አካውንት የተሰረቀ ቀን ሌባው የሚገባው በእሱ መልካም ስም ነው።

በክላውድ ውስጥ ግን ከሰዎች ይልቅ የሚበዙት ፈቃድ የያዙ ፕሮግራሞች ናቸው። ሌሊት ሪፖርት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም፣ ፎቶ የሚያሳንስ ፕሮግራም፣ ክፍያ የሚያስታውስ ፕሮግራም፣ ሁሉም የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ፕሮግራም ጡረታ አይወጣም፣ የስንብት ደብዳቤም አይጽፍም። ቋሚ ቁልፉ ደግሞ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ስለሆነ ፕሮግራመሮች ኮዱ ውስጥ ጽፈውት ይሄዳሉ። በ2016 ኡበር ላይ የደረሰው ከዚህ የመጣ ነው። ሁለት ሰዎች የኩባንያው ኢንጂነሮች ኮድ ወደሚያስቀምጡበት የግል ማከማቻ ገቡ፤ እዚያ ውስጥ የአማዞን ክላውድ ቁልፍ አገኙ፤ በእሱ የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ሾፌሮች መረጃ አወረዱ። ኩባንያው 100 ሺህ ዶላር ከፍሎ ዝም አሰኛቸው፣ ለሕዝብ የተናገረው ከዓመት በኋላ ነው። በ2018 ለአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች 148 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አሁን እኛ ለፕሮግራም ቋሚ ቁልፍ ላለመስጠት እንታገላለን፤ ሲሠራ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያረጅ ጊዜያዊ ቁልፍ እንዲወስድ እናደርጋለን። ካፒታል ዋን ላይ እንደታየው ጊዜያዊ ቁልፍም ሊሰረቅ ይችላል፤ ቢያንስ ግን ሌባው ነገም እየመጣ አይጠቀምበትም።

ይህ ሁሉ የትልልቅ ኩባንያ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ የእኛን የመረዳጃ ማኅበር ነገር ልንገረው። ማኅበሩ እዚሁ አካባቢ ያለን ሐበሾች በኀዘንና በችግር ጊዜ የምንደጋገፍበት ነው፤ አባል ሲያርፍ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት እስከ መላክ ይደርሳል። የማኅበሩ ሰነድ ሁሉ ጉግል ድራይቭ ላይ ነው፤ የአባላት ስም፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ ተወካይ፣ አንዳንዱም ዘንድ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ቅጂ። ቼክ ሲጻፍ የሁለት ሰው ፊርማ ይጠየቃል፤ ገንዘቡ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ተጠብቆ ሳለ የአባላቱ መረጃ ግን ከእኔ በፊት የነበሩ ኮሚቴዎች በሙሉ በሚያውቁት አንድ ፓስወርድ ይከፈት ነበር። በዚያ ላይ ፎልደሩን ማየት የሚችሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር ስከፍት ወደ ቴክሳስ ከሄዱ የቆዩት የቀድሞ ጸሐፊ ከላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩን ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ የቀድሞውን ጸሐፊ ከፎልደሩ ላውጣቸው?»

«ምነው ልጄ፣ ምን አጠፉ?»

«ኧረ ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ያን ያህል ያገለገሉንን ሰው በምን አንደበት ነው የምናስወጣቸው? ቢሰሙ ይቀየሙናል እኮ!»

«ጋሼ፣ ነገ ስልካቸው ቢጠፋ ያገኘው ሰው የሁላችንን መዝገብ ይከፍታል። ያኔ ስማቸው የሚነሣው እሳቸው ናቸው።»

ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው እኔ ልደውልላቸው። ከእኔ ይስሙት» አሉኝ። ደወሉ። ሰውየው ፎልደሩን እንኳን ሊቀየሙበት መኖሩንም ረስተውት ነበር።

ከቴክኖሎጂው ይልቅ ይሄ ነው የሚከብደው። ፈቃድ መንሣት ሰውን መጠርጠር ይመስለናል፣ ይሉኝታ ይይዘናል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካዊ አለቃም ለረጅም ዓመት ባልደረባው «አድሚንነትህን ልወስድ ነው» ማለት ይከብደዋል። ሊቀ መንበራችን ያደረጉትን መሥሪያ ቤት ወስጄዋለሁ። ፈቃድ ከመንሣቴ በፊት ለሰውየው እደውላለሁ፤ ለምን እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ ሲያስፈልገው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመለስለትም አሳየዋለሁ። መልሶ ማግኘት ቀላል መሆኑን ያወቀ ሰው ሙጭጭ አይልም። በየሦስት ወሩ ለሥራ አስኪያጆች ረጅም ስም ዝርዝር ልኮ «አጽድቁ» ማለት ግን አይረባም፤ ሁሉንም ሳያነቡ ያጸድቁታል።

መንሣቱ ራሱም ብልሃት ይፈልጋል። ብዙ መሥሪያ ቤት ለ90 ቀን ያልተነካ ፈቃድ ይጥፋ የሚል ደንብ አለው። ጥሩ ይመስላል፤ ግን በዓመት አንዴ ብቻ የሚሠራ ሥራ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለሠራተኛው ሁሉ በጃንዋሪ የሚላከውን ደብሊው ቱ የተባለ የግብር ቅጽ የሚያወጣው ፕሮግራም ከፌብሩዋሪ እስከ ዲሴምበር ተኝቶ ይከርማል። በ90 ቀን ደንብ ፈቃዱን የሰረዘ ሰው ጃንዋሪ ላይ ጉዱ ይፈላል። አማዞን አንድ ሮል እያንዳንዱን አገልግሎት ለመጨረሻ ጊዜ የነካበትን ቀን እስከ 400 ቀን ወደ ኋላ ሄዶ ያሳያል፤ ከዓመት ስለሚያልፍ እኔ የምተማመነው በእሱ ነው። ያንን አይቼም ወዲያው አልሰርዝም። መጀመሪያ ክልከላ እጽፍበታለሁ፤ ክልከላ ፈቃድን ስለሚረታ ፈቃዱ እንዳለ ሆኖ ይታገዳል። የሚጮህ ከመጣ ክልከላዋን አንሥቼ በደቂቃ እመልስለታለሁ። የሚጮህ ከሌለ በኋላ እሰርዘዋለሁ።

አንድ አካውንት ሁሉን ሲይዝ ምን እንደሚሆን የኮድ ስፔስስ ታሪክ ያሳያል። ኩባንያው የሌሎችን ሶፍትዌር ኮድ የሚያስቀምጥ ነበር። በጁን 2014 አጥቂ የክላውድ መቆጣጠሪያ ገጹን ያዘና ገንዘብ ጠየቀ። ኩባንያው ፓስወርድ ቀይሮ ገጹን ለማስመለስ ሲሞክር አጥቂው አስቀድሞ በፈጠራቸው ሌሎች መግቢያዎች ገብቶ መሰረዝ ጀመረ። ዳታውም የመጠባበቂያ ቅጂውም በዚያው መቆጣጠሪያ ሥር ስለነበሩ በ12 ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ጠፋ። ኩባንያው ተዘጋ። መጠባበቂያ ቅጂን መሰረዝ የሚችል እጅ ዋናውን ከሚሰርዘው እጅ የተለየ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

አገር ቤትም ጉዳዩ ደርሷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ የያዘ ድርጅት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ ጥሎበታል። አዲስ አበባ የሒሳብ ሥራ ቢሮ ያላት ጓደኛዬ ቢሮዋን እንድታስተካክል በስልክ ስረዳት ነበር። እዚያም እንደ ብዙ ትንንሽ ቢሮዎች አንድ ጂሜይል ለሁሉም ሠራተኛ፣ ፓስወርዱም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነበር። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ የየራሱን አካውንት ከፈተችላቸው፤ ማን ምን እንዳደረገ ካልተለየ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አስገባች። ኮዱን በኤስኤምኤስ ከመቀበል ስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ እንድታወጣው መከርኳት፤ መተግበሪያው ያለ ኔትወርክም ኮድ ይሰጣል፣ ሲም ካርድ ቢሰረቅም አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2024 ስኖውፍሌክ በተባለው የዳታ ክላውድ ላይ ዳታ ያኖሩ ብዙ ድርጅቶች የተዘረፉት ይህ ማረጋገጫ ባልነበራቸው አካውንቶች ነው፤ አንዳንዱ የተሰረቀ ፓስወርድ ከ2020 ጀምሮ ያልተቀየረ ነበር።

ከዚያ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን «የተጋበዘ ብቻ» ወደሚለው መለሰችው። አንዱ ግን አልሆን አላት። የደንበኞቹን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የያዘው ሠንጠረዥ የተከፈተው በቀድሞ ሠራተኛዋ የግል ጂሜይል ነው፤ ሴትየዋ ለቃ ሌላ ቦታ ተቀጥራለች። ድራይቭ ላይ ባለቤትን ማስወጣት አይቻልም፤ ባለቤትነትን ማስተላለፍ የምትችለው ራሷ ብቻ ናት። ጓደኛዬ ለጊዜው ኮፒ አድርጋ በቢሮው አካውንት መሥራት ጀምራለች፤ ዋናው ግን አሁንም ሴትየዋ ዘንድ ነው፣ በዚህ ሳምንት ልትደውልላት ነው።